ሳውዝ ዳኮታ እማዬን ይዤ ልሄድ ነው፣ ሜዳ ብቻ ነው የሚሉት እውነት ነው?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ የሚባለው ስቴት ውስጥ ሱ ፎልስ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ለእኔና ለእማዬ ቪዛ ተመቶልን ነሐሴ መጨረሻ ሄደን እስከ ጥቅምት እንቆያለን። ታዲያ ለማን ብነግር "እዛ ደሞ ምን አለ፣ ሜዳና በቆሎ ነው" ይለኛል። እህቴ ከሥራ ዕረፍት የምታገኘው 4 ቀን ብቻ ነው። እማዬ 66 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል ግፊትም አለባት ዳገት አትችልም፣ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እዚህ ሱሉልታ ላም ስታረባ የኖረች ሰው ስለሆነች ሞል ለሞል ባዞራት ደስ አይላትም፣ ሣርና ከብት ስታይ ነው ፊቷ የሚፈታው። የምታውቁ በናታችሁ የት ልውሰዳት?

ከለገጣፎ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ እህቴ። እኔ 6 ዓመት ኖሬበት ነው የተመለስኩት። ሜዳ ነው ያሉሽ አልዋሹም ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ። ሚዙሪ ወንዝን እስክትሻገሩ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፣ ከተሻገራችሁ በኋላ ሣር ብቻ ይሆናል፣ ዛፍ የለ ቤት የለ። መጀመሪያ ስነዳው እንቅልፌ ነበር የመጣው፣ በኋላ አንዴ መኪናዬን ዳር አቁሜ ወረድኩና ዝም ብዬ አየሁት፣ ነፋሱ ሣሩን እያስተኛ ያነሳዋል፣ ልክ እናንተ ጋር ድርቆሹ ሳይታጨድ በፊት እንደሚያደርገው። ከዛ ወዲህ ነው የወደድኩት።

ለእማማ ባድላንድስ ውሰጃት። ከሱ ፎልስ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሣሩ ላይ እየሄዳችሁ ሳታስቡት መሬቱ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ፣ ነጭ ቀይ ቢጫ መስመር መስመር ያለው ገደል፣ ዝናብ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሸረሽረዋል። ብዙው ቦታ ከመኪና ወርዳችሁ እዛው ቆማችሁ የሚታይ ነው፣ በጣውላ የተሠሩ አጫጭር መሄጃዎችም አሉት ጉልበቷን አያስቸግራትም። ዊንድ ኬቭ የሚባለውን ዋሻ ግን ተዪው፣ ደረጃ የበዛበት ነው።

ሱ ፎልስ ያለሁ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው ግን ትልቁን ነገር ረሳው! ለመስቀል ሰሞን እዛው ከሆናችሁ 4ቱን ቀን ለከስተር ስቴት ፓርክ አድርጉት። በመስከረም፣ በነሱ ሴፕቴምበር የመጨረሻ ዓርብ፣ ፈረሰኞች ከ1,000 በላይ ጎሽ (ባይሰን የሚሉትን የአሜሪካ ጎሽ) ከሜዳው ሰብስበው ወደ በረት ይነዳሉ። በኛ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ መድረስ አለባችሁ፣ ጎሾቹ የሚመጡት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በረት እስኪገቡ ደሞ መውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ የሚታጠፍ ወንበር፣ ቁርስና ለእማማ ጋቢ ያዙ። ከማየትሽ በፊት እግርሽ ሥር ነው የሚሰማሽ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በ1914 በነሱ አቆጣጠር በ36 ጎሽ ነው የጀመሩት፣ አሁን በየዓመቱ ሣሩ ስንት እንደሚችል አይተው ይከትባሉ፣ ትርፉን በጨረታ ይሸጣሉ። እማማ ከማናችንም በላይ ይገባታል ይሄ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ጎሽ ከመኪና ወርዳችሁ እንዳትጠጉ። ከብት ይመስላል ግን አይደለም፣ ጭራውን ቀጥ ካደረገ ሊመጣባችሁ ነው። ሰማዩንም እያያችሁ ንዱ፣ እኔ ሐምሌ ላይ በረዶ ሜዳ መሀል አግኝቶኝ የመኪናዬን መስታወት አርግፎታል፣ መጠለያ ዛፍ እንኳን የለም።

ቡራዩ፦
ማውንት ረሽሞርንስ ለምን ዘለላችሁት? እዛው ከስተር አጠገብ ነው እኮ። የ4 ፕሬዚዳንቶች ፊት፣ እያንዳንዱ 18 ሜትር፣ ከ1927 እስከ 1941 የተቀረጸ፣ መንገዱም ደልዳላ ነው።

ከለገጣፎ፦
ይታይ፣ አልከለክልም። ግን ስታዪው ተራራው የማን እንደነበርም ለእማማ ንገሪያት። ብላክ ሂልስ የሚባለው ያ ተራራማ አካባቢ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የ1868ቱ ውል ለላኮታዎች፣ ለአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የተተወ ነበር፣ ወርቅ ሲገኝ ተወሰደባቸው። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሳ ይከፈላቸው ብሎ ወሰነ፣ እነሱ ግን ብሩን እስካሁን አልነኩትም፣ የምንፈልገው መሬታችንን ነው አሉ። መሬት የሄደበት ሰው እኛም ሰፈር ስላለ ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል።

የሱሉልታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ለእህቴ አሁኑኑ ላኩላት። ተራራው ለግፊቷ ከፍ አይልባትም ግን?

ሱ ፎልስ ያለሁ፦
አይዞሽ፣ የስቴቱ ትልቁ ተራራ 2,207 ሜትር ነው፣ ከሱሉልታ ሜዳ ያንሳል። ግን ረጅም መንገድ ስለሆነ ሐኪሟን ጠይቁ፣ መድኃኒቷንም በእጅ ሻንጣ ያዙ።

የሱሉልታዋ፦
አነበብኩላት። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፣ ጥጆቹም አብረው ነው ወይ የሚነዱት ትላለች።

ሱ ፎልስ ያለሁ፦
አብረው ነው በያት። ሚያዝያ ግንቦት ላይ ሲወለዱ ዳማ ናቸው፣ ለመስቀል ጠቁረው እናታቸውን መስለው ከጎኗ ነው የሚሮጡት።