ቸርችል «ያለማንም ድጋፍ» ነው ያደገው?

መምህሩ ከጉለሌ፦
ሰሞኑን አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ለተማሪዎቻችን ሲያወራ ሰማሁ። «ዊንስተን ቸርችል ሰነፍ ተማሪ ነበር። ፈተና ደጋግሞ ወደቀ። ያለማንም ድጋፍ ግን ዓለምን የመራ ሰው ሆነ» አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ተንገበገብኩ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1874 የተወለደው ብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው! አያቱ የማርልቦሮ መስፍን ናቸው። አባቱ ሎርድ ራንዶልፍ በ1886 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። እናቱ ጄኒ የኒውዮርክ ባለሀብት ልጅ ናት። ፈተና ለወደቀ የድሃ ልጅ ይህን ምሳሌ አድርጎ መስጠት ልጁን ማታለል ነው።

ሰላም፦
መምህር፣ ቤተ መንግሥት መወለድ ብቻውን ድጋፍ አይሆንም እኮ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው አስኮት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። እዚያ ልጆች ክፉኛ ይገረፉ ነበር። ቀጥሎ ብራይተን ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ወሰዱት። አባቱ ለራሱ ጉዳይ ብራይተን ድረስ ሄዶ ልጁን ሳያየው ተመለሰ። ልጁም በደብዳቤ ወቀሰው። ሃሮው የሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላም እናቱን መጥታ እንድትጠይቀው ይለምን ነበር። ተናጋሪው ልክ ነው። ወላጅ እያለው ወላጅ አልነበረውም።

ደጀኔ አራት ኪሎ፦
«ያለማንም» ስትሉ ኤልዛቤት ኤቨረስትን የት ጣላችኋት? ከጨቅላነቱ ያሳደገችው ሞግዚቱ እሷ ናት። ሆዱን የሚያካፍላት እሷ ነበረች። በ1893 ቤተሰቡ ሲያሰናብታት ለእናቱ ተቆጥቶ ጻፈ፤ ጭካኔ ነው አለ። በ1895 ልትሞት ስትል ደርሶላታል። ቀብሯ ላይ ቆሟል። የመቃብሯንም ድንጋይ አሠርቷል። ይህች ሴት «ማንም» ናት? ስሟን ሳይጠሩ የዚህን ልጅ አስተዳደግ ማውራት ነውር ነው።

ሰላም፦
ደጀኔ፣ ደመወዝተኛ ነበረች። ያውም አባረሯት። የእኔን ነጥብ ነው ያጠናከርክልኝ።

ደጀኔ አራት ኪሎ፦
ደመወዝ ስለተከፈላት ፍቅሯ አይቆጠርም? ስንቶቻችን ነን በሰው እጅ ያደግነው? ከአንቺ ይህን አልጠበቅኩም ሰላም።

ጋሽ ወልዴ፦
ልጆች፣ ቀስ በሉ። «ሰነፍ» የሚለውም መታየት አለበት። ሃሮው በ1888 ሲገባ ታችኛው ክፍል መመደቡ እውነት ነው። ላቲን ጠልቶ ነበር። ነገር ግን እዚያው ሃሮው 1,200 የግጥም መስመር ያለስህተት በቃሉ ወጥቶ ተሸልሟል። እንግሊዝኛና ታሪክ ላይ ጎበዝ ነበር። በ1892 በሻምላ ግጥሚያ የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮን ሆኗል። ይህ ሰነፍ ይባላል? የስንፍናውን ታሪክ ያስፋፋው ራሱ ነው። በ1930 ባሳተመው የወጣትነት ትዝታው ላቲን ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት እንደመለሰ የጻፈው እሱ ነው። ሰው ያንን አንብቦ ይደጋግመዋል።

ብሩክ፦
ጋሽ ወልዴ፣ የሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሁለቴ መውደቁንም እሱ ፈጠረው ይሉናል? በሦስተኛው ነው ያለፈው፤ ያውም ለፈረሰኛ እንጂ ለእግረኛ የሚበቃ ውጤት አላመጣም። አባቱ በነሐሴ 1893 የጻፈለት ደብዳቤ አለ። እንዲህ ከቀጠልክ ከንቱ ሆነህ ትቀራለህ ነው የሚለው። ልጁ 18 ዓመቱ ነው። አለፍኩ ብሎ ደስታውን ሲያበስር እንዲህ ያለ መልስ የሚልክ አባት ካለ፣ «ድጋፍ» የሚለውን ቃል ባትጠሩት ይሻላል።

መምህሩ ከጉለሌ፦
ብሩክ፣ ሦስተኛውን ፈተና እንዴት አለፈ? ለዚህ ፈተና ተማሪ እያዘጋጀ የሚያሳልፍ ካፒቴን ጄምስ የሚባል አስጠኚ ዘንድ ልከውት ነው። ማን ከፈለ? አባቱ! ደብዳቤው ክፉ ነው፤ ክፍያው ግን አልተቋረጠም። የእኔ ተማሪ አንዴ ሲወድቅ በዚያው ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሳትነግሩት «ቸርችልም ወድቋል» አትበሉት።

ብሩክ፦
አስጠኚ ወረቀቱ ላይ አይጽፍለትም። ከዚያስ? በታኅሣሥ 1894 ከ130 ተማሪ 20ኛ ሆኖ ተመረቀ። ይህንንም አባቱ ነው የሠራለት?

ትዕግሥት መ.፦
እሱ ራሱ ከ150 ስምንተኛ ወጣሁ ነው ያለው። ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ እንዳለ አትቀበሉ።

ጋሽ ወልዴ፦
20ኛም ስምንተኛም ቢሆን ጎበዝ ነው ልጄ። ይልቅ ባንጋሎርን አስቡ። በ1896 ህንድ ሲገባ ሌሎቹ መኮንኖች በቀትር ሲተኙ እሱ ያነብ ነበር። ጊበን፣ ማኮሌ፣ ፕላቶ፣ ዳርዊን። ዩኒቨርሲቲ ስላልገባ በራሱ ተማረ። ለወጣቶቻችን መነገር ያለበት ይህ ነው። ይህን ማንም አልገፋውም።

መምህሩ ከጉለሌ፦
ጋሽ ወልዴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን መጻሕፍቱን ከለንደን የላከችለት ማን ናት? እናቱ ናት! ገና በ1895 ኩባ ሄዶ የስፔንን ጦርነት እንዲያይ ያመቻቹለት በማድሪድ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበሩት የአባቱ ወዳጅ ናቸው። ሱዳን መዝመት ሲፈልግ የጦሩ አዛዥ ኪችነር እምቢ አለ። እናቱ ተሯሯጠች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሳሊስበሪ ሳይቀሩ ገቡበት። የ23 ዓመት መቶ አለቃ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያማልድለት «ያለማንም» ትሉኛላችሁ?

ትዕግሥት መ.፦
ሳሊስበሪ ያስጠሩት እኮ ህንድ ድንበር ላይ ስለተደረገው የማላካንድ ዘመቻ የጻፈውን መጽሐፍ አንብበው ነው። በሥራው ነው በሩ የተከፈተለት።

መምህሩ ከጉለሌ፦
የሎርድ ራንዶልፍ ልጅ ባይሆን መጽሐፉ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር?

ካሳ ዘጎንደር፦
ከሱዳን አትለፉ። በ1898 ኦምዱርማን ላይ የተዋጋው ከደርቡሽ ጋር ነው። መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን ከገደሉት ጋር! እኔ በዚህ አከብረዋለሁ።

ትዕግሥት መ.፦
ካሳ፣ ለእኛ ብሎ ነው እንዴ የዘመተው? መተማ በ1889 ነው። ኦምዱርማን ላይ በአንድ ቀን ከ10,000 ያላነሰ ሰው በማክሲም መትረየስና በመድፍ ታጨደ። ከእነሱ ወገን የሞተው 50 አይሞላም። ቸርችል ራሱ የማህዲን መቃብር በማስደፈሩ ኪችነርን በመጽሐፉ ነቅፎታል። አንተ እሱ ያፈረበትን ልትኮራበት ነው?

ካሳ ዘጎንደር፦
የንጉሠ ነገሥቴ ደም ለእኔ ቀላል አይደለም። አንቺ ደግሞ ሁሌ ከፈረንጅ በላይ ለደርቡሽ ታዝኛለሽ።

ደጀኔ አራት ኪሎ፦
ካሳ፣ ሰው አትዝለፍ። የተነሳው የልጁ አስተዳደግ ነው።

ብሩክ፦
እሺ፣ ፕሪቶሪያስ? በኅዳር 1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከእንግሊዝ ጋር የሚዋጉት ቦየሮች ማረኩት። በታኅሣሥ 12 አጥር ዘሎ አመለጠ። ካርታ የለ፣ ኮምፓስ የለ። 25 ፓውንድ ጭንቅላቱ ላይ ተመድቦ ሎሬንሶ ማርኬስ (የዛሬዋ ማፑቶ) ገባ። ያን ሌሊት አጥሩን የዘለለው ብቻውን ነው። አያቱ መስፍን መሆናቸው እዚያ ምን ይፈይድለታል?

ደጀኔ አራት ኪሎ፦
ብቻውን? ጆን ሃዋርድ የሚባል የማዕድን ሥራ አስኪያጅ ነው ጉድጓድ ውስጥ ደብቆ ያዳነው። ቦየሮች ቢደርሱበት የሚሞተው ሃዋርድ ነው። እዚያው የነበረ፣ ከእንግሊዟ ኦልድሃም ከተማ የመጣ አንድ ሰውም ረድቶታል። እነሱንም እንደ ኤቨረስት ልትሰርዟቸው ነው።

ትዕግሥት መ.፦
አብሮት ሊያመልጥ ያቀደው ሻምበል ሃልዴንስ? ጥሎት ነው የሄደው።

ብሩክ፦
አልጣለውም! ቀድሞ ዘሎ ውጭ ጠበቃቸው። ዘቡ መንገድ ዘጋባቸው። ተመልሶ ይማረክ?

ትዕግሥት መ.፦
ሃልዴን ግን ቅር እንዳለው ነው የኖረው።

ሰላም፦
በ1900 ኦልድሃም ላይ ለፓርላማ የተመረጠው ለዚህ ድፍረቱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚያው፣ በዚያው የአባቱ ስም፣ ተወዳድሮ ተሸንፎ ነበር። ስም ብቻ ቢበቃ ያኔ ያሸንፍ ነበር። መምህር፣ ይህንን ይመልሱልኝ።

መምህሩ ከጉለሌ፦
እመልሳለሁ። ያን ጊዜ የፓርላማ አባል ደመወዝ አልነበረውም፤ እስከ 1911 ድረስ። ለመወዳደር ቀድሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። የቦየሮቹን ጦርነት እንዲዘግብ ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ በወር 250 ፓውንድ ይከፍለው ነበር። እንዲህ ያለ ውል ስም ለሌለው የ24 ዓመት ልጅ ማን ይሰጣል?

ሰላም፦
በብዕሩ ያገኘውን ደግሞ ለአባቱ ሰጡት! ሦስት ዘመቻ ዘግቦ፣ ሁለት የጦርነት መጽሐፍ ጽፎ ነው ያ ውል የመጣው።

መምህሩ ከጉለሌ፦
ወደ ዘመቻዎቹ ማን አስገባው? ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ማንም አላስተባበለኝም።

ብሩክ፦
እኔ አስተባብያለሁ። ወደ ላይ ሄደው ያንብቡ።