የድራግ ሸራ ቀይሬ ሪሉ ጭራሽ አልይዝ አለ! ሌሊት ጉዞ አለኝ፣ እርዱኝ

ጥድፊያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ጀልባ ላይ መገኘት አለብኝ። ዛሬ ሪሌን፣ ማለትም የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያዬን፣ ፈትቼ የድራጉን (ዓሣ ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ፍሬን) አሮጌ ሸራዎች አወጣሁና የካርቦን ሸራ አስገባሁ። መልሼ ገጠምኩ። አሁን ድራጉን የሚያጠብቀውን ኮከብ እስኪቆም ድረስ ባዞረውም ክሩን በእጄ ስጎትተው ዝም ብሎ ይመጣል። አሮጌዎቹ እያሉ እንኳን ከዚህ ይሻል ነበር። የገዛሁት ካርቦን ፎርጅድ ይሆን? ቶሎ በሉልኝ።

አምባዛ፦
ዓሣዎቹ ከአሁኑ ሰምተዋል። ተሰልፈው እየጠበቁህ ነው።

ቤንዚን በጨርቅ፦
ግራሶ አብዝተህ ነው። ፍታው፣ ጥረገው፣ ግጠመው። ሌላ ነገር የለውም።

የባሕር ልጅ፦
የትኛው ሪል ነው? ክሩስ ምን ዓይነት ነው?

ጥድፊያ፦
የተለመደው ባለ ኮከብ ነው፤ የአጎቴ የነበረ። ግራሶ ደግሞ ስስ አድርጌ ነው የቀባሁት።

አሮጌ ዘንግ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገር የሚሠራውን ለምን ነካካኸው? እኔ ዕድሜዬን በቆዳ ሸራ ነው ያጠመድኩት። አሁን የመጣ ሁሉ ካርቦን፣ ካርቦን ይላል። ይሁን። ግን የምትገጥመውን ነገር ማወቅ አለብህ።

ትልቁ ማርሽ ውስጡ እንደ ድስት ጎድጓዳ ነው። እዚያ ውስጥ ሸራና ብረት እየተፈራረቁ ይደረደራሉ። ብረቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጠርዙ ላይ ጆሮ አለው። ጆሮው ማርሹ ላይ ባለው ስንጥቅ ይገባና ከማርሹ ጋር ይዞራል። ሁለተኛው ጆሮ የለውም፤ ቀዳዳው ግን ክብ አይደለም፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እሱ የእጀታውን ቱቦ ነክሶ ይቆማል። አንዱ ሲዞር ሌላው ይቆማል፤ ሸራው መሃላቸው ይፋተጋል። ድራግ ማለት ይኸው ነው።

ከታች ሲጀመር ሸራ፣ ቀዳዳው ቀጥ ያለው፣ ሸራ፣ ባለ ጆሮው፣ ሸራ፣ እንደገና ቀዳዳው ቀጥ ያለው። አንድ ዓይነቱን ብረት ሁለት ጊዜ አከታትለህ ከሆነ በመሃላቸው ያለው ሸራ ሥራ ፈት ነው። ፍሪሲዮን ፈትቶ የገጠመ ሰው ይህ አይጠፋውም።

ጥድፊያ፦
ጋሼ፣ ማርሹ ውስጥ ያለውን ሳልነካ በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። የመለስኩትም ፎቶውን እያየሁ ነው። ተራው ልክ ነው።

ቤንዚን በጨርቅ፦
ግራሶውን ጥረገው ብያለሁ።

ቁልፍ 12፦
ካርቦን ላይ ግራሶ ችግር የለውም። ለድራግ የተሠራ፣ ቴፍሎን ያለበት ግራሶ ከሆነ በስሱ ይቀባና ትርፉ ይጠረጋል። ደረቁንም ይሠራል። ግን ጨዋማ ውሃ ሲገባ ብረቶቹን ያዝጋል፤ ድራጉም ሲነሳ ነጠቅ ነጠቅ ያደርጋል። የመኪና ግራሶ ቀብተህ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ አውጥተህ በአልኮል እጠበው። ስሙን "ቤንዚን በጨርቅ" ያለውን ሰውዬ ግን እንዳትሰማው። ቤንዚን ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል፤ እሳቱም አለ።

ቤንዚን በጨርቅ፦
ስሜ ነው እንጂ ምክሬ አይደለም። በአልኮልም ይሁን፣ ጥረገው።

አምባዛ፦
እኔ ሪል ፈትቼ ስገጥም ሁሌ ሳህኑ ላይ ሁለት ሦስት ዕቃ ይተርፈኛል። በተረፈው ብቻ ሁለተኛ ሪል ልሠራ ትንሽ ነው የቀረኝ። ጥድፊያ፣ ላንተስ ስንት ተረፈህ?

ሚዛን፦
ቆይ፣ "አይዝም" ማለት ምን ማለት ነው? ድራግ እኮ የተሠራው ሊለቅ ነው። ክርህ 15 ኪሎ የሚችል ከሆነ ድራጉ 4 ወይም 5 ኪሎ ላይ መልቀቅ አለበት። ከሩብ እስከ ሲሶ ማለት ነው። በእጅ ስቦ "ላላ" ማለት መለኪያ አይሆንም። የክሩን ጫፍ የሚንጠለጠል ሚዛን ላይ እሰርና ጎትት።

ሌላም ነገር አለ። ስፑሉ፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ማለት ነው፣ ሙሉ ሳለ 5 ኪሎ ላይ የሚለቅ ድራግ፣ ክሩ እየወጣ የጥቅሉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ 10 ኪሎ ካልጎተቱት አይለቅም። ኮከቡን ማንም ሳይነካው! ሰው ግን ዓሣው ሲርቅ ይደነግጥና ጭራሽ ያጠብቀዋል። ከዚያ ክሩ ተበጠሰ ብሎ ያለቅሳል።

ጥድፊያ፦
ወንድሜ፣ እኔ የምልህ በሁለት ጣት ስስበው ይመጣል ነው። አንድ ኪሎም አይሞላም። በዚህ ሌሊት ሚዛን ፍለጋ ልዙር?

የባሕር ልጅ፦
ተረጋጋ። ክሩን ጎትተውና ዓይንህን ሪሉ ላይ አድርግ። ምንድን ነው የሚዞረው?

እጀታው አብሮ ወደ ኋላ ከዞረ ድራጉን እርሳው። ማርሹ ሥር ያለችው ማገጃ ምላስ ጥርሱን አልያዘችም። ወይ ሞላዋ ወጥታለች፣ ወይ ተገልብጣ ገብታለች፣ ወይ ወፍራም ግራሶ አጣብቋታል። ወደ ኋላ መዞሩን የሚከለክለው ባለ ሮለር ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ እሱ ከግራሶ ጋር ጠበኛ ነው። ታጥቦ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እጀታው ቆሞ ስፑሉ ብቻ ከዞረ፣ አዎ፣ ድራጉ ነው።

ስፑሉም ቆሞ ክሩ ብቻ በላዩ ላይ ከዞረ ጉንጉኑን ክር በቀጥታ ስፑሉ ላይ አስረኸዋል። ጥቅሉ እንዳለ ይንሸራተታል። ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን ሲጠቀለል ይድናል። ይህን የድራግ ችግር ነው ብሎ ሪሉን ሦስት ጊዜ የፈታ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ጥድፊያ፦
ሁለተኛው ነው። እጀታው ንቅንቅ አይልም። ስፑሉ ይዞራል።

የባሕር ልጅ፦
ኮከቡስ ስታጠብቀው እየከበደ ይሄዳል? ወይስ ቀሎ ቀሎ በድንገት ይቆማል?

ጥድፊያ፦
በድንገት ነው የሚቆመው፣ ብረት ከብረት እንደተጋጨ። ለውጥ አለው እንዴ?

ቁልፍ 12፦
አለው እንጂ! ኮከቡ ሸራዎቹን አልተጫናቸውም ማለት ነው። የቆመው መንገዱ አልቆበት ነው። ካርቦኑ ከአሮጌዎቹ ሸራዎች ቀጭን ከሆነ ድርድሩ ዝቅ ይላል። አሮጌና አዲሱን ጎን ለጎን ቆልለህ እያቸው። አዲሱ ካጠረ፣ ከላይኛው ብረት ላይ ቀዳዳው ተመሳሳይ የሆነ ስስ ሮንዴላ ደርብበት። ፎርጅድ ነው ያልከውን ካርቦን ይቅርታ ጠይቀው።

ጀማሪ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የእኔ ስፑል ኩሽኔታ ይንጫጫል፣ ስወረውርም ሩቅ አይሄድም። ግራሶ ልሙላበት?

ቁልፍ 12፦
ለመወርወር ከሆነ አትሙላበት፤ ግራሶ ስፑሉን ይይዘዋል። እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግበት። ከጀልባ ኋላ ክር እየጎተትክ ብቻ የምታጠምድ ከሆነ ግራሶ ይሁን፤ ጨዋማውን ውሃ ይከላከልልሃል። ታጥቦም ከተንጫጫ አልቋል፤ ቀይረው።

ቤንዚን በጨርቅ፦
አያችሁ? ግራሶ ነው ስል ነበር።

አምባዛ፦
ጥያቄዬን የመለሰልኝ የለም። እየቀለድኩ መሰላችሁ? ሳህኑ ላይ ምን ተረፈ?

ጥድፊያ፦
እውነቱን ልናገር። ሁለት ጎበጥ ያሉ ሮንዴላዎች አሉ። ኮከቡን ሳወጣ ነው የወደቁት። ፎቶውን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ እዚያ ላይ የሉም። ጎብጠው ሳያቸው የተበላሹ መስሎኝ ተውኳቸው።

አሮጌ ዘንግ፦
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

የባሕር ልጅ፦
ሲሠሩም ጎባጣ ተደርገው ነው! የድራጉ ሞላ እነሱ ናቸው። የኮከቡን ግፊት ወደ ሸራዎቹ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ቦታቸው ኮከቡ ሥር ነው። ሁለቱን እንደ ቅንፍ ፊት ለፊት አግጥማቸው፤ ጠርዝ ለጠርዝ ይነካኩ፣ መሃላቸው ክፍት ይሁን። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከጎበጡ ኮከቡን ትንሽ ስታዞረው ድራጉ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠብቃል፤ መመጠን ያስቸግርሃል።

ጥድፊያ፦
በስመ አብ። አሁኑኑ ልፈታው ነው። ጎኑንም እንደገና ልክፈት?

የባሕር ልጅ፦
ኧረ በጭራሽ! እጀታውንና ኮከቡን ብቻ አውጣ። ጎኑን ከከፈትከው የማገጃዋ ሞላ ብር ብላ ትሄዳለች። ሳታያት ነው የምትሄደው። ሞላዎቹን መልሰህም ኮከቡ ያው በድንገት ከቆመ ያን ጊዜ ቁልፍ 12 ያለህን ሞክር። መክፈትህ ካልቀረ ሪሉን ትልቅ ላስቲክ ውስጥ አድርገህ ክፈተው።

ሚዛን፦
ሲሠራ ደግሞ ካርቦን ገባ ብለህ እስከ መጨረሻ እንዳታጠብቀው። ሸራው ቢችልም ሌላው ዕቃ የድሮ ነው። ጭነቱ ወደ ማርሹ ጥርስ፣ ወደ እጀታው ቱቦና ወደዚያች ምላስ ይሄዳል። የነሐስ ማርሽ ጥርሱ ይላጫል። ለስላሳ ቱቦም ብረቶቹ የሚነክሱት ቀጥ ያለ ጎኑ ተበልቶ ክብ ይሆናል። ድራጉን ከፍ ማድረግ የፈለገ መጀመሪያ ማርሹንና ቱቦውን በማይዝግ ብረት ይቀይር።

አሮጌ ዘንግ፦
ወይም ቆዳውን ይተወው።

ቤንዚን በጨርቅ፦
ኮከቡ ከወጣ አይቀር ሥሩ ያለውን ግራሶ ጠረግ አድርገው።

ሚዛን፦
ጥድፊያ፣ ጉዞው እንዴት ሆነ? ያዘ?

ሚዛን፦
ሦስት ቀን ሆነው እኮ። በሕይወት አለህ?

ሰማያዊ መረብ፦
እኔም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኛል፤ ግን የእኔ እጀታው ነው ወደ ኋላ የሚዞረው። ሮንዴላ አልተረፈኝም። ጥድፊያ እንዴት ፈታኸው?

የባሕር ልጅ፦
ያንተ ተመሳሳይ አይደለም። ከላይ ከጻፍኳቸው ሦስቱ የመጀመሪያው ነው። ምላሷን አጽዳ፣ ሞላዋ ቦታዋ ላይ መኖሯን እይ። እጀታውን ወደ ፊት ቀስ ብለህ ስታዞር ጠቅ ጠቅ ካለች እየሠራች ነው። ዝም ካለች ጥርሱ ላይ አልደረሰችም፤ ባለ ሮለር ኩሽኔታ ካልሆነ በቀር።

ሰማያዊ መረብ፦
ዝም ብላለች።

አምባዛ፦
ጥድፊያም ዝም ብሏል። ወይ ትልቅ ዓሣ ይዞ እስካሁን እየጎተተ ነው፣ ወይ ጎኑን ከፍቶት ያቺን ሞላ አልጋ ሥር እየፈለገ ነው።