ልጄ ማባዛት 6 ላይ ቆሞብኛል፤ በአሮጌው ቲቪ ጌም ማለማመድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፣ 3ኛ ክፍል ነው። መደመርና መቀነስ አያስቸግረውም። ማባዛት ግን እስከ 5 ጥሩ ይመጣና 6 ላይ ቀጥ ይላል። ደብተር ሳወጣ ሆዱን ያመዋል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ እንቅልፉ ይመጣል። ሰሞኑን አጎቱ ያረጀ ቲቪ ጌም አምጥቶለት ከእሱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ማሪዮና ታንክ ያለበት ነው። በዚሁ ሂሳብ ያለማመደ ሰው አለ? ስልክ ልሰጠው አልፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ አለን፤ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ግን የለም።

መልስ፦ የድሮ ታንከኛ

እህቴ፣ ታንኩን ክፈቺለት። እኔ ልጄን ያለማመድኩት በእሱ ነው።

በየደረጃው የሚመጡት የጠላት ታንኮች 20 ናቸው። ደረጃው ሲያልቅ ከየዓይነቱ ስንት እንደመታ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ተራው 100 ነጥብ ነው፣ ፈጣኑ 200፣ ሦስተኛው 300፣ አራቴ ካልተመታ የማይሞተው ደግሞ 400። ችግሩ ጌሙ ራሱ ደምሮ ይጨርሰዋል፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ የጌሙን ነጥብ እርሺውና የቤት ዋጋ አውጪ። ተራው ታንክ 6 ብር፣ ፈጣኑ 7፣ ሦስተኛው 8፣ ጠንካራው 9። አንቺ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ብዛት ብቻ በወረቀት ትጽፊያለሽ። ቶሎ ስለሚያልፍ እጅሽ ፈጠን ይበል። ቀጣዩ ደረጃ እንደጀመረ ስታርትን ተጫኚ፣ ይቆማል። ሂሳቡን ሳይጨርስ አይቀጥልም፣ አለቀ።

ለምሳሌ 8 ተራ፣ 6 ፈጣን፣ 4 ሦስተኛ፣ 2 ጠንካራ ቢመታ፦ 48፣ 42፣ 32፣ 18። ድምሩ 140 ብር። የእኔ ልጅ መጀመሪያ በጣቱ ነበር የሚቆጥረው። በኋላ ግን ጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ጌሙ ደግሞ ቆሞ ይጠብቀዋል። መሸምደድ የጀመረው በራሱ ችኮላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ተራው ታንክ ይበዛል። 18 ከመጡ አትደንግጪ፤ 10 እና 8 አድርጎ ይክፈለው፣ 60 ሲደመር 48።

(በነገራችን ላይ ካሴቱ ላይ 9999 ጌም ይላል አይደል? እስቲ የማይደጋገሙትን ቆጥሮ ይንገርሽ። እሱም አንድ የሂሳብ ሥራ ነው።)

መልስ፦ መምህርት ነኝ

የታንኩ ሐሳብ ደስ ይላል፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጌም የሚያውቁትን ያፈጥናል እንጂ የማያውቁትን አያስተምርም። 6 በ7 ምን ማለት እንደሆነ ካልገባው ታንኩ ያናድደዋል። ቆርኪ ሰብስበው 7 ቆርኪ ያለበት 6 ረድፍ ይደርድርልዎት። አምስቱ ረድፍ 35 መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ረድፍ ሲጨምር 42።

ደግሞ ይህን ይንገሩት፦ እስከ 5 ካወቀ 4 በ8ን ያውቃል፤ 8 በ4ም እሱው ነው። ከ6 እስከ 9 ድረስ በትክክል የቀሩት 10 ብቻ ናቸው። 6 በ6፣ በ7፣ በ8፣ በ9፤ 7 በ7፣ በ8፣ በ9፤ 8 በ8፣ በ9፤ 9 በ9። ልጆች ገና ብዙ የቀራቸው ስለሚመስላቸው ነው የሚሸሹት። አሥሩን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉለትና ያወቀውን ራሱ ይሰርዝ።

መልስ፦ ከሚኒሶታ

ነምበር መንቸርስ (Number Munchers) የሚባል፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1980ዎቹ የሂሳብ ጌም አለ፤ የተሠራው እዚሁ ሚኒሶታ ነው። 30 ካሬ ላይ ቁጥሮች ተሞልተዋል። የ7 ብዜቶችን ብላ ይልሃል፤ ከተሳሳትክ ወይም ጭራቁ ካገኘህ አንድ ነፍስ ትሄዳለች። ልጆቼ በጣም ነው የወደዱት። ኢንተርኔት አርካይቭ (archive.org) በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ያለበት ዘመድ ቤት ስትሄዱ ሞክሩት።

መልስ፦ ላፕቶፕ ጠጋኝ

ለላፕቶፑ ተክስማዝ (TuxMath) የሚባል የሂሳብ ጌም ይጫንለት። ነፃ ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሂሳብ ጥያቄ የያዙ ጅራታም ኮከቦች ከላይ ይወርዳሉ፤ መልሱን ጽፎ ኢንተር ሲል ይፈነዳሉ። ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ አስገልብጪው። ፍላሹን ቫይረስ ማስፈተሽ እንዳትረሺ!

መልስ፦ ጋሼ

ገበጣ አስተምሪው። መብራት ቢጠፋም አይቆምም።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

እግዜር ይስጥልኝ። ቆርኪውንም ታንኩንም ይዘናል። ከአሥሩ ስድስቱን ሰርዟል። 7 በ8 እና 6 በ9 ላይ አሁንም ይጣላል። እህቱ በሁለተኛው ጆይስቲክ ገብታ የእሷን ሂሳብም እሱ ነው የሚሠራላት፤ ትንሽ እያጭበረበራት እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። ጋሼ፣ ገበጣውን ፈልጌ አጣሁ፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረንለት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የጌሙ አዳፕተር በጣም ይግላል፣ ችግር አለው?

የድሮ ታንከኛ

እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ነቅለሽ ሌላ አስገዢ፤ ቮልቱ ግን ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ሞቅ ብቻ ካለ በየግማሽ ሰዓቱ ንቀይው። 7 በ8ን ደግሞ እንዲህ በዪው፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8። 56 እኩል 7 በ8።