«አቅም ያሳድጋል» የሚለው ጽሑፍ ከገበያ ይውጣ?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ሐዋሳ፦ እናቴ የመገጣጠሚያ ብግነት አለባት፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን ለማጠፍ እንኳ ትቸገራለች። ትናንት የመድኃኒት ፌስታሏን ስፈታ፣ ሐኪም ካዘዘላት ፕሬድኒሶሎን ጎን አንድ የቅመም ዱቄት አገኘሁ። «የመከላከል አቅምን በእጥፍ ያሳድጋል» ይላል። አንዱ ከልክ ያለፈውን የሰውነት መከላከል ሊያረግብ የታዘዘ፣ ሌላው አሳድጋለሁ የሚል! እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይከልከል እላለሁ። እናንተስ?

ቅመም ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ማንን ገደለ? ይህን ሥራ ከእናቴ ተቀብዬ ልጆች አሳድጌበታለሁ። በፋብሪካ የታሸገው ቫይታሚንም ያንኑ ይላል፤ ለእርሱ ጊዜ ለምን ዝም ተባለ?

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ እኅቴ፣ እውነትሽን ነው፤ ቫይታሚኑም ይካተት። ነገር ግን «አቅም» ተብሎ እንደ ውኃ ታንከር የሚሞላ አንድ ነገር የለም። አጋዥ ቲ ሴል ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚያስተባብር ነጭ የደም ሴል ነው፤ በውስጡ ቲ-ቤት የተባለው ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የኢንተርፌሮን ጋማን ጂን ያሠራል፤ ኢንተርፌሮን ጋማ ሳይቶካይን ከሚባሉት የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖች አንዱ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳን ለመቋቋም ይህ ያስፈልገናል። ጋታ-3 የተባለው ሌላ ፕሮቲን ካየለ ደግሞ ሴሉ ኢንተርሉኪን-4፣ 5 እና 13 የተባሉ ሌሎች ሳይቶካይኖችን ያመርታል፤ የአንጀት ትልን ለመከላከል ይረዳሉ፣ አስም ያለበትን ሰው ግን ያስጨንቃሉ። ቲ-ቤትና ጋታ-3፣ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች፣ አንዱ ሌላውን ይጫናሉ። ፎክስፒ3 የተባለው ሦስተኛው ተቆጣጣሪ ደግሞ የመከላከያው ልጓም ነው፤ ጂኑ የተበላሸባቸው ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው የገዛ መከላከያቸው ያጠቃቸዋል። የ2025 (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ኖቤልም ከዚሁ ግኝት ጋር ለተያያዘ ሥራ ነው የተሰጠው። ታዲያ ዱቄቱ በእጥፍ የሚያሳድገው የትኛውን ነው? የእናቴ ፕሬድኒሶሎን እኮ ሴል ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር ተጣምሮ ኒውክለስ ይገባና የብግነት ሳይቶካይን ጂኖችን ያረግባል።

ፋርማሲስት፦ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ቲ ሴልን የሚያነቃቃ ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት የተሞከረባቸው ስድስት ጤነኞች በሳይቶካይን ማዕበል፣ ማለትም ሳይቶካይን ከልክ በላይ በደማቸው ፈስሶ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ዝንጅብልን ከዚያ ጋር ማወዳደር ግን ግፍ ነው። ክልከላውንም አልደግፍም፤ ዱቄቱን ከመደብር ወደ ጓዳ ያስገባዋል፣ ያኔ ማን ይጠይቃል? «መድኃኒት የሚወስድ ሐኪም ያማክር» የሚል ይጻፍበት።

ቅመም ነጋዴ፦ «በእጥፍ» የምትለዋን ከዛሬ ጀምሮ አወጣለሁ፤ እኔም ለክቼ አላውቅም። መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነም ደንበኞቼን እጠይቃለሁ። «ያሳድጋል» የሚለውን ግን አልነካም፤ ሰው ጠጥቶ ቀለለኝ ብሎ ይመለሳል።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦ መቅለል ሌላ፣ ማሳደግ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ አልተግባባንም። እናቴም ዱቄቱን ጎረቤት በፍቅር የሰጠቻት ስለሆነ አልጥልም ብላለች። ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ ሁለቱንም በአንድ ፌስታል ይዛ ለሐኪሙ ታሳያለች።