ስታዲየም አፍርሶ ፓርኪንግ፦ አትላንታ ልክ ነበረች?

ከዲኬተር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተኳርፈን የተለያየንበትን ጉዳይ እዚህ ላምጣው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። አትላንታ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ ክብ የሆነ የቤዝቦል ስታዲየም ነበር፣ አትላንታ ፉልተን ካውንቲ ስታዲየም የሚሉት። ለ1996 ኦሎምፒክ እዚያው ጎኑ ሌላ ትልቅ ስታዲየም ተሠራ። ኦሎምፒኩ ሲያልቅ አዲሱን ለአትላንታው የቤዝቦል ቡድን ለብሬቭስ አስተካክለው፣ ተርነር ፊልድ ብለው ሰጡት። አሮጌው ኦገስት 2 ቀን 1997 በድማሚት ተደረመሰና ቦታው ፓርኪንግ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። አስፋልቱ ላይ የድሮው ሜዳ ዙሪያ ተሰምሮበታል። አንድ ጥግ ላይ ቁራጭ አጥር ቆሟል፣ 715 የሚል ቁጥር አለበት። የብሬቭሱ ሀንክ አሮን ኤፕሪል 8 ቀን 1974 ማታ የቤብ ሩትን የ714 ሆም ረን (ኳሷን በዱላ መትቶ ከአጥሩ ማዶ መላክ ነው) ክብረ ወሰን ሲሰብር ኳሷ ያለፈችው በዚያ በኩል ነው። ሰውየው ጥቁር ሆኖ የነጭ ጀግና ሊያልፍ ነው ተብሎ ወራት ሙሉ የግድያ ዛቻ በፖስታ ሲጎርፍለት ከርሞ ነው እንግዲህ እዚያ የደረሰው። ልጄ አጥሩን አየ፣ ከሥሩ የመኪና ዘይት የጠጣውን አስፋልት አየ፣ ከዚያ «አባዬ፣ ሌላው የታለ?» አለኝ። ምን ልበለው?

እና ጥያቄዬ፦ ማፍረሱ ልክ ነበር? ፓርኪንግ ማድረጉስ? እኔ ልክ አልነበረም ባይ ነኝ።

ጋሽ ፓርኪንግ፦
ስለዚያ ፓርኪንግ መናገር የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ሁለት በጋ ሠርቼበታለሁ። ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ወገቤ ላይ የዝርዝር ቦርሳ፣ እጄ ላይ ባትሪ። «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» እያልኩ መኪና አስገባ ነበር። ሆም ፕሌቱ፣ መቺው የሚቆምበትና ዞሮ የሚመለስበት ቦታ፣ የነበረበት አካባቢ የኔ ረድፍ ነበር። አሮን ያን ማታ ዞሮ ሲመለስ እናቱ ሮጣ አንገቱ ላይ የተጠመጠመችው እዚያ መሆኑን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነው። ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፣ ከኋላው ያሉት ጡሩምባ ነፉበት፣ እኔም ጌታዬ ይለፉ አልኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ግን ልጄ፣ አንድ ቡድን በዓመት 81 ጊዜ በሜዳው ይጫወታል። ሰው መኪናውን የት ያቁም? ሕንፃው ቢቀር ኖሮ እኔም ያን ሥራ አላገኝም ነበር። (ቀጣሪዬ የመጨረሻዋን ሳምንት ደሞዝ እስከ ዛሬ አልከፈለኝም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ቤቶን፦
እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፣ ስሜት አልቀላቅልም። ያ ስታዲየም ሲወለድ ጀምሮ ለሁለት ጌታ የተገዛ ሕንፃ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል አራት ማዕዘን ሜዳ ይፈልጋል፣ ቤዝቦል ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ። ሁለቱንም ላስተናግድ ሲባል ክብ ተደረገ፣ ስለዚህ ለሁለቱም አልሆነም፤ ተመልካቹ ከጨዋታው ራቀ። ፉትቦሉ በ1992 ወደ ሌላ ስታዲየም፣ ወደ ጆርጂያ ዶም፣ ከገባ በኋላማ ክቡ ምክንያት እንኳ አጣ።

ደግሞ አትላንታ ብቻ አይደለችም። የሲያትሉ ኪንግዶም በ2000፣ የፒትስበርጉ ስሪ ሪቨርስ በ2001፣ የሲንሲናቲው በ2002፣ የፊላደልፊያው ቬተራንስ በ2004፣ ሁሉም አዲሱ አጠገባቸው ቆሞ እያየ ነው የተደረመሱት። የአንድ ዘመን ስሕተት በአንድ ዘመን ታረመ።

«ይቀመጥ» ለምትሉ ሂውስተንን ሂዱና እዩ። አስትሮዶም አልፈረሰም። ከጎኑ የፉትቦሉ አዲስ ስታዲየም አለ፣ እሱ ግን ከ2009 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘግቶ ቁጭ ብሏል። በ2013 ይታደስ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥበት ነዋሪው እምቢ አለ። ማፍረስ አይፈቀድ፣ ማደስ አይከፈል። ባዶ ሕንፃ ማቆየት ቅርስ መጠበቅ ይባላል?

ከዲኬተር፦
ቤቶን፣ ስለ ቅርጹ ያልከውን እቀበላለሁ። ጋሽ ፓርኪንግ ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ብሬቭስ በ2013 ለቅቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ኮብ ካውንቲ እንሄዳለን ብለው ሲያስታውቁ ከደረደሯቸው ምክንያቶች አንዱ ምን ነበር? በቂ ፓርኪንግ የለም! ለፓርኪንግ ተብሎ ታሪክ ያለው ስታዲየም ፈረሰ፣ ከ20 የውድድር ዘመን በኋላ ቡድኑ ፓርኪንግ አነሰኝ ብሎ ሄደ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ላምጣ?

ጋሽ ፓርኪንግ፦
እሱን አልዘለልኩም፣ አሳፍሮኝ ዝም ብዬ ነው 😄

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ሀገር ቤት ስንት ሰፈር ከነትዝታው ሲፈርስ እናንተ የፈረንጅ ዱላና ኳስ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። ፒያሳን ማን አነሣላት?

አስተባባሪ፦
ፒያሳና ካዛንቺስ የራሳቸው መድረክ አላቸው፣ እዚህ ከገቡ መውጫ የለንም። ወደ አትላንታ ተመለሱ።

የፋጡማ አድናቂ፦
«የፈረንጅ» ላልከው ወንድሜ፣ እስቲ ቀስ በል። አዲሱ የተባለው ስታዲየም እኮ ፋጡማ ሮባ የገባችበት ነው! ጁላይ 28፣ እሁድ። አትላንታ ገና ማለዳ ነው፣ ሙቀቱን ሽሽት በጠዋት አስጀመሯቸው፤ እኛ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። እናቴ የምሳ ዕቃ እያጠበች «ምን ሆነች? የታሉ ሌሎቹ?» እያለች በእርጥብ እጇ ትመላለስ ነበር። ብቻዋን ነበረቻ! ሁለት ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ ተከታይዋን በሁለት ደቂቃ ቀድማ። ከአፍሪካ ሴቶች በኦሎምፒክ ማራቶን የመጀመሪያዋ ወርቅ። በማግስቱ ደግሞ የኃይሌ 10 ሺህ አለ። እሱን ሌሊት ተነሥተን ነው ያየነው፤ ጳውሎስ ቴርጋትን አስከትሎ በ27:07.34 ገባ። ኦገስት 2 ጌጤ ዋሚ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘች፣ ደራርቱ አራተኛ ወጣች። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ልክ በዓመቱ ነው አሮጌው ስታዲየም የተደረመሰው።

እኔን የሚቆረቁረኝ የፈረሰው ብቻ አይደለም። ያልፈረሰውስ? ሰሜናዊው ወንበር ተነቀለ፣ መሙ ተነሣ፣ ኃይሌ የዞረበት ቦታ የቤዝቦል ሣር ሆነ። ለአሮን ቢያንስ ቁራጭ አጥር ቀርታለታለች።

ቤቶን፦
እህቴ፣ እሱ ከመጀመሪያው የታቀደ ነው። ያን ስታዲየም የነደፉት 85 ሺህ ሰው ለሁለት ሳምንት እንዲይዝ፣ ከዚያ ተቆርጦ ወደ 50 ሺህ እንዲወርድ ነው። ደቡብ ምዕራቡ ጥግ ገና ሲሠራ የቤዝቦል ጥግ ነበር፤ ኃይሌ ሲዞርበት ከጀርባው የቤዝቦል ወንበር ተደርድሯል። የኦሎምፒክ አዘጋጁ በራሱ ገንዘብ ሠርቶ ለከተማው ማስረከቡን ደግሞ አትርሺ። ሌሎች ከተሞች ከኦሎምፒክ በኋላ ሣር የበቀለበት ባዶ ስታዲየም ታቅፈው ቀርተዋል።

የፋጡማ አድናቂ፦
ገብቶኛል፣ ብልህ ሥራ ነው። ብልህ ሥራ ስለሆነ ግን ማዘን ተከለከለ?

ሰመርሂል፦
እዚያው ሰፈር ሱቅ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከሁለታችሁም ጋር አልስማማም። እናንተ የምትጣሉት ስለ ሕንፃ ነው፣ እኔ የምለው ስለ መሬቱ ነው። ስታዲየሙ ከመቆሙ በፊት እዚያ ዋሽንግተን ሮሰን የሚባል ሰፈር ነበር። በአውራ ጎዳናውና «ከተማ እናድሳለን» በሚለው ዘመቻ ተጠርጎ ነው ቦታው ባዶ የሆነው። የዚያን ጊዜው ከንቲባ አይቫን አለን ስታዲየሙን የሠራነው በእኛ ባልሆነ መሬት፣ በሌለን ገንዘብ፣ ላልፈረመ ቡድን ነው እያለ ይኩራራ ነበር። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔ አንደኛዋ ላይ እቆማለሁ፤ መሬቱ የእናንተ ካልነበረ የማን ነበር?

አንድ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ስታዲየም ያቆመች ከተማ፣ በ32 ዓመቱ በሰከንዶች አፈረሰችው። በዚያ ሁሉ መሐል ሰመርሂል፣ ፒፕልስታውንና መካኒክስቪል ያሉ ሰዎች የደረሳቸው ምንድን ነው? የጨዋታ ቀን ካርቶን ላይ «ፓርኪንግ» ብሎ ጽፎ ግቢን ማከራየት። የማውቃቸው አንዲት አሮጊት ጽጌረዳቸውን ነቅለው ለሁለት መኪና ቦታ አበጅተው ነበር። ጨዋታ በሌለበት ቀን ደግሞ ያ ሁሉ አስፋልት ባዶውን ይተኛል፤ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ የማየው ሙቀቱ ሲንቀለቀል ብቻ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ በሉት።

ስለዚህ ማፍረሱ አይደለም የከፋኝ። ሲያፈርሱ መሬቱን ለቤት፣ ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤት የመመለስ ዕድል እጃቸው ላይ ነበር። አስፋልት አፈሰሱበት።

ጋሽ ፓርኪንግ፦
አሮጊቷን ሳላውቃቸው አልቀርም። እሳቸው ከኛ በአምስት ዶላር ይቀንሱ ነበር፣ ተቀናቃኛችን ነበሩ።

ብሮንክስ፦
ከኒውዮርክ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። እኛም ጋ አሮጌው ያንኪ ስታዲየም ነበር፣ 1923 የተከፈተው። አዲሱን ከመንገዱ ማዶ ሠሩና በ2009 ገቡበት፤ አሮጌውን እስከ 2010 አፈረሱት። ፓርኪንግ ግን አላደረጉትም፤ ሄሪቴጅ ፊልድ የሚባል የሕዝብ መጫወቻ ሆኗል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት ይጫወቱበታል። ይህን ሲሰማ ከዲኬተር «ይኸው!» ሊል ነው። ቆይ። አዲሱ የተሠራው በሰፈሩ መናፈሻ ላይ ነው፣ ማኮምብስ ዳም ፓርክ ላይ። መናፈሻው በ2006 ታጠረ፣ ምትኩ የተከፈተው በ2012። ያኔ አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ሜዳው ሲመለስለት ፂሙ በቅሏል። ሁለተኛዋ በር ብቻ ለመታሰቢያ ትቁም ብለው የለመኑም ነበሩ፣ እሷም አልቀረችም።

እኔ ለቤዝቦል ግድ የለኝም። ያን ሕንፃ የምወደው በሌላ ነው። ጁን 25 ቀን 1935 ጥቁሩ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር የዘረረው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ እኛ እያጓጓዘ በነበረበት ሰሞን! የሐርለም ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነው ያዩት፣ ፖሊስም ረብሻ ፈርቶ በብዛት ነበር የወጣው። በኦክቶበር ወረራው ተጀመረ። በዚያ ባልፍ ቁጥር ሜዳውን አየዋለሁ፣ ሕፃናቱ ኳሳቸውን ያሳድዳሉ፣ ይህን የሚነግራቸው ማንም የለም። ግን ሕንፃው ቢቆምስ ይነግራቸው ነበር?

ከዲኬተር፦
ብሮንክስ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ሌሊቱን አስተኝታኝ አታድርም። ለልጄ አጥሯ ባትኖር «ሌላው የታለ?» ብሎ አይጠይቀኝም ነበር። ስለዚህ ቁራጭም ቢሆን ይናገራል ባይ ነኝ። ቤቶን ከትርፍና ኪሳራ አንጻር ረትቶኛል፤ ክቡ ሕንፃ ሁለተኛ ሕይወት አልነበረውም። ሰመርሂል የተናገረችው ግን እኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ነው፣ እኔ ስለ ወንበር ስጮህ እሷ ስለ ቤት ታወራለች።

ቤቶን፦
እኔም አንድ ልመልስ። ቦታው ፓርኪንግ በመሆኑ ተርፏል ማለት ይቻላል። ሕንፃ ቢቆምበት ኖሮ ያ የሜዳ ዙሪያ ከመሠረት ሥር ነበር የሚሆነው። ተርነር ፊልድን በ2017 የገዛው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለፉትቦል ቀየረው፤ ገና ሲያቅድ ጀምሮ ደግሞ በፓርኪንጉ ላይ፣ የአሮንን አጥር ያካተተ የቤዝቦል ሜዳ እሠራለሁ ብሎ ነበር። አስፋልት ይነሣል። ድማሚት የበላው አይመለስም።

ሰመርሂል፦
እንግዲህ ተማሪ ይጫወትበት። ለአሮጊቷ ጽጌረዳ ግን ማንም ዕቅድ አላወጣም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ አሁን ቡና ቤትና ምግብ ቤት በሽ በሽ ነው፣ ደስ ይላል፣ የቤት ኪራዩን ግን አትጠይቁኝ። እኔ ራሴ ወደ ክላርክስተን ወጥቻለሁ።

የፋጡማ አድናቂ፦
እኔ በሚቀጥለው ስመጣ ማንም ባያሳየኝም ያን ስታዲየም አንድ ዙር በእግሬ እዞረዋለሁ። አራት መቶ ሜትር ይሁን አይሁን ግድ የለኝም።

ጋሽ ፓርኪንግ፦
ስትመጪ ደውዪልኝ፣ መኪናሽን በነፃ አስቆምልሻለሁ። አሮጌው ስታዲየም የመጨረሻ ጨዋታውን ያስተናገደው ኦገስት ላይ አይደለም እንዴ፣ ለኦሎምፒክ ቤዝቦል?

ብሮንክስ፦
አይደለም ጋሼ። ከዚያም በኋላ ብሬቭስ ለዋንጫው የፍጻሜ ግጥሚያዎች፣ ለወርልድ ሲሪስ፣ ደርሰው ከኛ ከያንኪስ ጋር ተጫውተውበታል። የመጨረሻው አምስተኛው ጨዋታ ነው፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1996።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ሁሉንም አነበብኩት፣ እሺ፣ የፋጡማዋ አሸንፋኛለች። ግን በመጨረሻ ማን አሸነፈ?

ብሮንክስ፦
ያንኪስ፣ 1 ለ 0።