ቲሸርቱ ይቅር፦ የፀረ ትምባሆ ፕሮፖዛላችን ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ እንዴት አመሻችሁ? ግንቦት 23 ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ፕሮፖዛሉን ማስገባት አለብን። ረቂቁ ላይ ያለው ባነር፣ ቲሸርትና ከጎንደር ፒያሳ እስከ ማራኪ ግቢ የእግር ጉዞ ነው። ምን ትላላችሁ?

የማራኪ ተወካይ፦ ቲሸርቱ ይቅር። አምና ያሠራነውን ለብሶ ሲያጨስ ያየሁት ልጅ አለ 😂። ችግሩ ያለው በፍሬ የሚሸጠው ሲጋራ ላይ ነው። ፍሬሽ ተማሪ ፓኮ አይገዛም። ጫት ላይ ሲቀመጥ ወይ ጥናት ሲከብደው አንድ ፍሬ ይለኩሳል፣ በዚያው ይለምዳል። ትናንት ማታ ከግቢ ውጭ ጀበና ቡና ቁጭ ብየ ነበር። አንድ ሱቅ በደረቴ መጣ። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ጥጉ ላይ የተከፈተ ፓኮ። ላይተሯ በክር ታስራ ከሳጥኑ ላይ ተንጠልጥላለች። ተማሪው ከፈለ፣ ጎንበስ ብሎ ለኮሰ፣ ሄደ። ደቂቃ አልፈጀም።

የጤና ተማሪ፦ እሱኮ በሕግ ክልክል ነው። አዋጅ 1112/2011 በፍሬ መሸጥን ከልክሏል። ዕድሜው 21 ላልሞላም አይሸጥም። ፍሬሽ ስንት ዓመቱ ነው? 18፣ 19። ደግሞ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ውስጥ አይጨስም። የቡና ቤቱ ወንበሮች በሩ ሥር አይደሉ?

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ደንብ አስከባሪ ይጠራ ብለን እንጻፍ?

የማራኪ ተወካይ፦ ኧረ በፍጹም! ልጁ ሳጥኑን ከተነጠቀ ማታ ምን ይበላል? በማግስቱ ሌላ ልጅ ይተካል።

ጋሼ (አማካሪ)፦ አፄ ዮሐንስ ያጨሰን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ትምባሆው ግን ይኸው አለ። ልጆቼ፣ መጀመሪያ ሻጮቹን አነጋግሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። የቲሸርቱን ብር ወደዚያ ላዙረው? ሲጋራውን ከሳጥኑ ላወጣ ልጅ ቆሎ፣ እስክርቢቶ፣ ቻርጀር መነሻ እንግዛለት። ቆሎው የሲጋራውን ያህል እንደማይሸጥለት አውቃለሁ። ቻርጀሩ ግን ያዋጣዋል።

የጤና ተማሪ፦ የሚያጨሱትንም አትርሱ። ማቆም የሚከብደው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሐሳብ ይበትናል። ፈተና ሳምንት ላይ አቁሙ ብንል ማን ይሰማናል? ሴሚስተሩ ሲጀመር ይሁን። አንድ ክፍልና አንድ ነርስ እንጠይቅ። በሩ ላይ ግን «ፀረ ሱስ» የሚል ታፔላ እንዳይለጠፍ! ማንም አይገባም።

የሴቶች ተወካይ፦ እሷን አስምሩባት። ሴት ልጅ ስታጨስ ከታየች ስሟ ግቢውን ይዞራል። ስለዚህ ተደብቃ ነው የምታጨሰው። በስልክ ማማከርም ይጨመር።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ጨመርሁት። የእግር ጉዞው ወጣ። ባነር አንድ ብቻ፤ 21 ዓመትና 10 ሜትር የሚለው በትልቁ ይጻፍበት። ሻጮቹን ማን ያነጋግር?

የማራኪ ተወካይ፦ እኔ። ነገ ማታ እዚያው ቡና ላይ ነኝ፣ ልጁ አይጠፋም። ጋሼ፣ አብረውኝ ቢመጡስ?

ጋሼ፦ ቡናውን ከጋበዝኸኝ።