ሁለቱም ተጋጭተው ቢወጡ ዋንጫው የማን ይሁን?

ባለ 44፦ እሁድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. አቡ ዳቢ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ የፎርሙላ ዋን ውድድር ነው። ከ21 ውድድር በኋላ ባለ 44 ቁጥሩ ሃሚልተንና ባለ 33 ቁጥሩ ቬርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘዋል። እንዲህ እኩል ሆነው ለመጨረሻው ቀን የደረሱ እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ የሉም። ያኔ ፊቲፓልዲና ሬጋዞኒ ነበሩ። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁለቱ መጀመሪያው ዙር ላይ ተጋጭተው ቢወጡ ሕጉ ዋንጫውን ለቬርስታፐን ይሰጣል፤ 9 ጊዜ ስላሸነፈ፣ ሃሚልተን ደግሞ 8። ይሄ ልክ ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ግጭት ለአንዱ ዋንጫ፣ ለሌላው ኪሳራ ከሆነ ውድድሩ ሳይጀመር ተዛብቷል።

ሠላሳ ሦስት፦ ኧረ ተው ወንድሜ። ነጥብ ሲተካከል ብዙ ያሸነፈ ይቀድማል። ኳስ ላይ በጎል ልዩነት እንደሚለየው ማለት ነው። ሕጉ ትናንት አልወጣም። ሃሚልተንም ዘጠኝ ያሸንፍ ነበራ!

ባለ 44፦ ከዘጠኙ አንዷ የቤልጂየሟ ስፓ ናት እኮ። ነሐሴ ላይ ያን ሁሉ ሰው ዝናብ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ አቆሙት። ከዚያ መኪኖቹ ከሴፍቲ ካር (ፍጥነት ከሚያስቀንሰው መሪ መኪና) ኋላ ተሰልፈው ጥቂት ዙር ዞሩ። ማንም ማንንም አላለፈም። እንደ ቀብር አጃቢ ተከታትለው ተመለሱ፣ ግማሽ ነጥብም ታደለ። ለቬርስታፐን 12.5፣ ለሃሚልተን 7.5። ያቺ የሁለቱም «ነጥብ 5» ከዚያ ነው የመጣችው። እስቲ ስፓን አውጥታችሁ ደምሩ። ሃሚልተን 362፣ ቬርስታፐን 357።

ሠላሳ ሦስት፦ በዋዜማው ማጣሪያ እኮ በዚያው ዝናብ ከሁሉም የፈጠነው ቬርስታፐን ነው። ራስል በዚያች ደካማ የዊሊያምስ መኪና ሁለተኛ ሲወጣ የናንተው ሃሚልተን ሦስተኛ ነበር። ደግሞ ማውጣት ከጀመርን እኔም አለኝ። ባኩ ላይ ቬርስታፐን እየመራ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀር ጎማው ፈነዳ። ሀንጋሪ ላይ የሃሚልተን የቡድን ጓደኛ ቦታስ ገና ሲነሱ አተራመሰው። ሲልቨርስቶን ላይ ሃሚልተን ነካው፣ በ51 ጂ (ከስበት 51 እጥፍ በሆነ ኃይል) ከግድግዳው ጋር ተላተመና ሆስፒታል ሄደ። የሃሚልተን ቅጣት? 10 ሰከንድ። አሸንፎም 25 ነጥቡን ይዞ ሄደ። የትኛውን እናውጣ?

ፍሬን ያዥ፦ ባኩን ተወው። ያን ቀን ሃሚልተንም ዜሮ ነው የያዘው። ድጋሚ ሲነሱ ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ቀጥ ብሎ ነጎደ፣ 15ኛ ወጣ።

ከእናንተ ክርክር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዳኝነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሱዙካ ላይ ሴና መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፕሮስትን ገጨው፣ ሻምፒዮን ሆነ፣ የነካው የለም። በዓመቱ ሆን ብሎ እንዳደረገው ራሱ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሄሬዝ ላይ ሹማከር ቪልነቭን ሊያስወጣ ሞክሮ ራሱ ወጣ፣ ከዓመቱ ሻምፒዮናም ተሰረዘ። ሰሞኑን የውድድሩ ዳይሬክተር ማሲ ነጥብ መቁረጥ እንደሚቻል ለቡድኖቹ አስታውሷል። ጥሩ። ግን በማን ሚዛን? ብራዚል ላይ ቬርስታፐን ሃሚልተንን ገፍቶ ሁለቱም ከመንገድ ወጡ፤ ዳኞቹ ምርመራ አያስፈልግም አሉ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጂዳ ላይ ግን በአንድ ውድድር 5 ሰከንድም 10 ሰከንድም ቀጡት። ሾፌሩ ወሰኑን በምን ይወቀው?

ባለ 44፦ ጂዳ ላይ እኮ ፊቱ ሄዶ ፍሬን ያዘበት! ሃሚልተን ከኋላው ገባበት። ምን ያድርጉት፣ ይሸልሙት?

ፍሬን ያዥ፦ ቅጣቱን አልተቃወምኩም። ብራዚልም ቢቀጣ ጂዳ ባልመጣ ነበር ነው የምለው።

ከዱባይ፦ እኔ ግጭቱ አይታየኝም። ያስ ማሪና፣ የአቡ ዳቢው መወዳደሪያ፣ ድሮ ማለፍ የማይቻልበት መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አሎንሶ በነጥብ እየመራ መጥቶ ከፔትሮቭ ኋላ ተጣብቆ ቀረ፣ ዋንጫውን ቬተል ወሰደው። ዘንድሮ ግን ኩርባዎቹን አሻሽለዋል። የፈጠነ ሰው ሳይገጭ የሚያልፍበት ቦታ ያገኛል። የሃሚልተን ሜርሴዲስ መኪና ደግሞ ሰሞኑን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሄድ አይታችኋል። ሦስት ተከታታይ ድል እኮ ነው።

ሠላሳ ሦስት፦ እሺ፣ ባለ 44፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዘጠኙን ያሸነፈው ሃሚልተን ቢሆን ኖሮ ይሄን ክርክር ትከፍት ነበር?

ባለ 44፦ እውነቱን ልንገርህ? አልከፍትም። ስምንተኛው ዋንጫ ሊመጣ ሲል ምን አስጨነቀኝ። ግን አቦ ስፓ ውድድር ነበር በለኝና ዝም እላለሁ።

ሠላሳ ሦስት፦ ስፓስ ውድድር አልነበረም። ነጥቡን ግን አልመልስም።

ከዱባይ፦ የሚነሱት በኛ ከቀኑ 11፣ በአዲስ አበባ 10 ሰዓት ላይ ነው። መብራት እንዳይሄድባችሁ ብቻ።